«አታልቅስብኝ!»

መንገዱ ክፍት በሆነ አንድ ሰሞን እንጅባራ ዘመድ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ውጭ የእንጅባራ ጉም የቀርከሃው አጥር ላይ ተኝቷል። ቤት ውስጥ ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ሊወርድ ነው። የቤቱ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ ባሕር ዳር ካለው ወንድሟ ጋር በስልክ ስታወራ መጥቶ ቀሚሷን ጎተተ።

«ስልኩን ስጪኝ!»

«ቆይ የኔ ጌታ፣ አጎትህን እያናገርኩት ነው።»

አልቆየም። ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አነሳና ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ቤቱ ለአፍታ ጭጭ አለ። ከዚያ አያትየው ሳቁ። «ወንድ እኮ ነው! ቁጣው ቁርጥ አያቱን!» አሉ። እንግዶቹም አብረን ሳቅን። እናት ወንድሟን «መልሼ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችና ስልኩን ለልጇ ዘረጋችለት።

«እንካ፣ እንካ በቃ! ብቻ አታልቅስብኝ!»

ዕንባው ወዲያው ደረቀ። የሲኒው ስባሪ ተጠረገ። ቡናውም ቀጠለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የስልኩ ባትሪ አለቀ። ቻርጀር ተፈለገ፤ ተገኘ። መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ የለም። ይቺ እናት ለልጇ የምትሰስተው ነገር የላትም፤ ግን መብራት ከየት ታምጣ? ልጁ መሬት ላይ ተንከባለለ። እናቱን ነከሳት። ብስኩት መጣለት፤ ወረወረው። አባት እጁን አነሳ፤ አያት መሐል ገቡ። ልጁ እስኪያስመልሰው ድረስ አለቀሰ። ዞር ብዬ እናቱን ሳያት እሷም እያለቀሰች ነበር።

በዚያ ቤት ለልጅ ለቅሶ የሚታወቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ የጠየቀውን መስጠት። መድኃኒቱ ባለቀ ቀን ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ከሁሉም በላይ የማያውቀው ደግሞ ልጁ ራሱ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ በማስተማር የገፋሁ ሰው ነኝና ነገሩን ከመመርመሬ በፊት ቃሉን እመረምራለሁ። «አታልቅስ» ሌላ ነው፣ «አታልቅስብኝ» ሌላ። አማርኛችን «ብኝ» የሚለው ጉዳቱ ተናጋሪው ላይ ሲያርፍ ነው። ወተቱ ገነፈለብኝ፣ ልብሴ ረጠበብኝ፣ መንገድ ተዘጋብኝ እንላለን። ልጁ አለቀሰብኝ ስንልም ያለቀሰው እሱ፣ የተጎዳሁት እኔ ማለታችን ነው። እንግዲህ ያ ስልክ የተሰጠው ለማን ነው? ለልጁ? የለም። የልጁን ለቅሶ መሸከም ላቃታት እናት ነው። ለቅሶውን በስልክ ገዝታ ጸጥታውን ወሰደች።

እኛ ይህን ነገር ማሞላቀቅ ወይም ማቀማጠል እንለዋለን፤ ስንወቅሰውም «ፍቅር አበዙበት» ብለን ነው። እኔ ግን ወቀሳችን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ፍቅር በዝቶበት የተበላሸ ልጅ አላየሁም። ያየሁት ከስሜቱ ጋር ብቻውን የተተወ ልጅ ነው። ልጁ ሲናደድ ከንዴቱ ጋር አብሮት የሚቆይ ሰው አጣ። ሁሉም ከለቅሶው ሸሸ፤ የሸሹበት መንገድ ብቻ ለየቅል ነው። አንዱ በስልክ፣ አንዱ በብስኩት፣ አንዱ በሳቅ፣ አንዱ ደግሞ እጁን በማንሳት።

የሥነ ልቦና ሰዎች ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። ሕፃን ሲወለድ ስሜቱን የሚገዛበት አቅም ይዞ አይመጣም። ሲርበው፣ ሲፈራ፣ ሲናደድ የሚረጋጋው በሌላ ሰው እርጋታ ነው። በእናቱ እቅፍ፣ በአያቱ እሹሩሩ፣ በአባቱ ድምፅ ይበርድለታል። መጀመሪያ እርጋታን ይዋሳል፤ ቀስ በቀስም የራሱ ያደርገዋል። ከስሜት ጋር የሚታገለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሰው ሃያዎቹን ዓመታት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ የአምስት ዓመት ልጅ ሲኒ ቢሰብር ጉድ አይባልም። ጉዱ ሲኒውን ከሰበረ በኋላ ምን እንደሚማር ነው።

ምን ይማራል? በኦሪገን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳይቶናል። ልጅ ይጮኻል፤ ወላጅ እጅ ይሰጣል፤ ጩኸቱም ይቆማል። ልጁ «መጮህ ያዋጣል» የሚለውን ተማረ። ወላጁ ደግሞ «እጅ መስጠት ጸጥታ ያመጣል» የሚለውን ተማረ። ሁለቱም ተሸለሙ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ከፍ አድርጎ ይጮኻል፤ ወላጁም ፈጥኖ እጅ ይሰጣል። እዩት እንግዲህ! ወላጁ ልጁን አሳደግሁ ሲል ልጁ ወላጁን እያሠለጠነው ነው። የኛ ሰው ይህን ያለ ምንም ጥናት በአንዲት ምሳሌ ቋጭቶታል፤ «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት»።

«ታዲያ ምን ይሁን፣ እንደ ድሮው እንግረፍ?» የሚል አንባቢ እንዳለ ይታወቀኛል። እንዲያውም አንዳንዱ እስካሁን ያነበበውን ይዞ አርጩሜ ሊቆርጥ ተነስቶ ይሆናል። ቆይ ወንድሜ፣ ተቀመጥ!

የእኔ ትውልድ አርጩሜውን ያውቀዋል። ቁንጥጫውን፣ መንበርከኩን፣ የበርበሬ ጭሱን እናውቀዋለን። በአባታችን ፊት ቀና ብለን አናይም ነበር፤ ሽማግሌዎችም «ጨዋ ልጅ» እያሉ ይመርቁን ነበር። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ያ ጨዋነት የማን ነበር? የእኛ ወይስ የአርጩሜው? በአለቃው ፊት እጁን አጣምሮ ቆሞ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ላይ ነብር የሚሆን ስንት ሰው እናውቃለን! በአደባባይ አንገቱን የሚደፋ፣ ከእሱ በታች ያለ ሰው ሲያገኝ ግን የሚጮህ። እንዲህ ያለ ሰው ስሜቱን መግዛት አልተማረም። የተማረው ፊት ለፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ እያየ ንዴቱን መልቀቅና መያዝ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን ስለውልናል። እኔ ተማሪዎቼን «በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ከሁሉ የሞለቀቀ ልጅ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ አንድ ለእናቱ የሆነውን በዛብህን ይጠሩልኝ ነበር። የለም! በዛብህ ገና በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ብዙ ነገር የተከለከለ ልጅ ነው። ሞልቃቃው ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ሽበት ያወጣ ሞልቃቃ! በዙሪያቸው «አይሆንም» የሚላቸው ሰው ሳይኖር የኖሩ ናቸውና ገበሬው አንድ ቀን «ይህን አንሰጥም» ሲላቸው ሰማይ የተደፋ መሰላቸው። ክተት ብለው ዘመቱ፤ በአበጀ በለው ተማርከውም ተመለሱ። ያ ዘመቻ ምንድን ነው? ሲኒ ከግድግዳ ላይ መፈጥፈጥ እኮ ነው! ልዩነቱ የእንጅባራው ልጅ የሰበረው ሲኒ መሆኑ፣ ፊታውራሪው ግን የሰው ሕይወት በእጃቸው መኖሩ ነው። ከልጅነቱ «እንቢ» ተብሎ የማያውቅ ሰው ሹመት ሲይዝ ምን እንደሚመስል ለማየት ልብ ወለድ ማንበብም አያስፈልግ ይሆናል።

ስለዚህ አርጩሜና ማሞላቀቅ ተቃራኒ የሚመስሉ መንትዮች ናቸው። አንደኛው «ዝም በል» ይላል፤ ሁለተኛው «እንካና ዝም በል» ይላል። ሁለቱም የሚፈልጉት ዝምታውን ነው። ልጁ ውስጥ ያለውን ነገር የጠየቀ የለም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበረችው ዲያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ባወጣቻቸው ጽሑፎች ወላጆችን በሦስት መድባ ነበር። እኔ በአማርኛ አዛዡ፣ ልሉና ጽኑው ብላቸው ደስ ይለኛል። አዛዡ ያዛል እንጂ አያስረዳም። ልሉ ይወዳል እንጂ አይከለክልም። ጽኑው ይወዳል፣ ይከለክላል፣ የከለከለበትንም ምክንያት ይናገራል። ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 አራተኛ ጨመሩበት፤ የማይወድም፣ የማይከለክልም፣ ጭራሽ የሌለ ወላጅ። ባውምሪንድ ባጠናቻቸው ሕፃናት ዘንድ ራሳቸውን በመግዛትም፣ በራሳቸው በመተማመንም የተሻሉት የጽኑዎቹ ልጆች ነበሩ። በሁለቱም ደካማ ሆነው የተገኙት የልሎቹ ልጆች ናቸው።

ይህን ስል ነገሩን አላቀልም። ሲፈጠር ቁጡ የሆነ ልጅ አለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ ጽኑውን ወላጅ ራሱ አድክሞ ልል ያደርገዋል። በስፔን በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ ልል የተባሉት ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ ያላነሱ፣ በአንዳንድ ነገርም የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ ይናገራል። እኔን ይህ አያስደነግጠኝም። እንዲያውም ከላይ ያልኩትን ያጸናልኛል፤ ልጅን የሚጎዳው ሙቀቱ አይደለም። ፍቅር በየትኛውም አገር በወንጀል አይከሰስም።

እኛ ዘንድ የሆነው ምንድን ነው? የተገረፍነው ሰዎች ወላጅ ሆንን። «እኔ ያየሁትን ልጄ አያይም» ብለን ማልን። ጥሩ መሐላ ነው! ሕጉም ደገፈን፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያድጉባቸው ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይደነግጋል። ዱላውን ጣልነው፤ ደግ አደረግን። ግን በቦታው ምን ተካን? ምንም! ድሮ አጥሩ እሾህ ነበር፤ እሾሁን ነቅለን ስናበቃ ሌላ አጥር አላጠርንም። ከየሥልጠናው የቃረምናትን «ልጅ አይከልከል፣ ሥነ ልቦናው ይጎዳል» የምትል ግማሽ ዕውቀት ይዘን ቀረን።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። እዚህ ላይ ጣታችን የሚቀሰረው ሁልጊዜ እናት ላይ ነው። «ሴት ያሳደገው» የምትባል ስድብ አለችን አይደል? አባት ቀኑን ሥራና ገበያ ውሎ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ይገባል። እሑድ ዕለት ደግሞ ብስኩትና ለስላሳ ገዝቶ የሳምንቱን ዕዳ ይከፍላል። ቀኑን ሙሉ «አይሆንም» ስትል የዋለችው እናት ማታ ላይ ቢደክማት ይፈረድባታል? እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የሚያድገው ልጅስ? አያት በጉልበቷ ደክማለች፤ በናፍቆት የሚላከው ብርና ልብስ ደግሞ እንዲከለከል አንጀት አይሰጥም። ልልነት ብዙ ጊዜ የድካም ሌላ ስሙ ነው።

ነገሩ የከተማ ነገር መሆኑንም ልብ በሉ። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ወደ ገጠሩ ብትወጡ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ የሰባት ዓመት ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ ከትምህርቱ የሚቀርም አለ። ማንም አላሞላቀቀውም፤ ይልቅ ልጅነቱን ተቀምቷል። ያንን ልናመሰግን አንችልም። ግን አንድ የምንማረው ነገር አለ። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የአራት ዓመት ልጆችን ፈተኑ። «አሁን አንድ ጣፋጭ አለ፤ እስክመለስ ሳትነካው ከቆየህ ሁለት ይሆንልሃል» ተባሉ። ከጀርመን ከተማ ልጆች ታግሠው የቆዩት ከመቶ 28 ያህሉ ነበሩ። በካሜሩን ከሚኖሩት ከንሶ ገበሬዎች ልጆች ግን ከመቶ 70 ያህሉ ቆዩ። የጀርመኖቹ ልጆች ወንበር ላይ ሲቁነጠነጡ የንሶ ልጆች ዝም ብለው ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹንም እንቅልፍ ወሰዳቸው!

የንሶ እናቶች ልጃቸውን በጨቅላነቱ ከሰውነታቸው አይለዩትም፤ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ተራውን እንዲጠብቅ፣ ታላቁን እንዲሰማ በግልጽ ይጠብቁበታል። ይህ ለእኛ አዲስ ነው? የኛም ልጅ ታዝሎ ያድግ ነበር። ከዚያ ደግሞ ለእንግዳ የእጅ ውኃ ያስታጥባል፤ ትልልቆቹ እስኪበሉ ይጠብቃል፤ በመሐል ጉርሻ ይመጣለታል። መጨረሻ መብላቱን አልደግፍም፤ ልጅ ሊራብ አይገባም። መጠበቁ ግን ትምህርት ነበር። ረሃቡን ስናስቀር መጠበቁንም አብረን ጣልነው።

ዳንግላ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዛሬ አስተማሪ ነው። ዳንግላ እንግዲህ እንግሊዞች ድሮ ቆንስላቸውን አስቀምጠውባት የነበረች፣ ቺዝማን የሚባለው ቆንስላቸውም ጣናንና ዓባይን ያጠናባት ከተማ ናት፤ የውጭ ሰው ወሬ ለቃሚ ሆኖ ይቀመጥባት በነበረች ከተማ ዛሬ እኔ የልጆች ወሬ እለቅማለሁ። እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ ደብተር ላይ የኤክስ ምልክት ማድረግ ፈርቻለሁ። ኤክስ ሳደርግበት ገጹን የሚቀድ ልጅ አለ። ማልቀስ ጀምሮ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የማያቆም አለ። በማግስቱ አባት ይመጣና ‹ልጄን ለምን አስለቀስከው?› ይለኛል። ልጁ ስድስትና ሰባትን ደምሮ አሥራ ሁለት ማለቱን ግን አይጠይቀኝም።»

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይላል ተረቱ። ብዙዎች ይህንን ለአርጩሜ ምስክር አድርገው ይጠሩታል። እኔ ግን ለቅሶው ላይ አተኩራለሁ። ልጁ ያለቀሰው ቁጣው ከብዶ አይደለም፤ አዲስ ሆኖበት ነው። እርማት ለእሱ የማያውቀው አገር ነው።

ይህ ልጅ አንድ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል፤ አገር አቀፍ ፈተና ፊት ይቀርባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ልጆቹ የወደቁት ሞልቃቃ ስለሆኑ ነው አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ውጤት የትምህርት ሥርዓቱ ውድቀት እንጂ የልጆቹ ብቻ ሊሆን አይችልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አገሪቱ በአንድ ጠዋት ከመቶ ከዘጠና አራት በላይ የሚሆኑትን ልጆች «አይሆንም» አለቻቸው። ከእነዚህ መካከል ቤቱ «አይሆንም» ተብሎ፣ አልቅሶ፣ በርዶለት የሚያውቅ ልጅ ክፉ ሳምንት አሳልፎ ይነሳል። በሕይወቱ የመጀመሪያውን «አይሆንም» ከአገር የሚሰማው ልጅስ? አገር እንደ እናት «እንካ» አትልም። ያን ሰሞን በየቤቱ በሩን ዘግቶ ስንት ልጅ እንደተኛ፣ ስንት ወላጅ በር ላይ ቆሞ እንዳደረ ወላጆች ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የከበደው ክርክር የገጠመኝ ግን ከአንዲት እናት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ውስጥ የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ ብዙ ሕፃን የተኩስ ድምፅ እየሰማ እንዲያድር አድርጓል። «ይሄ ልጅ ስንት ነገር አይቷል፤ እኔ ደግሞ ልከልክለው?» አለችኝ። አፌን ያዘኝ። እውነቷን ነው፤ አንጀት ይበላል። በዚያ ላይ ሌሊት እየቃዠ የሚነሳን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥን ልጅ ሞልቃቃ ማለት ግፍ ነው። እሱ የሚያስፈልገው እቅፍ ነው፤ ከተገኘም ባለሙያ።

ግን ቆይቼ ሳስበው መልሴ ይህ ሆነ። ውጭው ዓለም ሕግ ያጣበት ልጅ ቤቱም ሕግ ካጣ ምን ይይዛል? የመኝታ ሰዓቱ ሲታወቅ፣ «አይሆንም» የተባለው ነገ «ይሆናል» ሳይሆን ሲቀር፣ እናቱ እሱ ሲናደድ የማትፈርስ ሆና ሲያያት፣ ቢያንስ አንድ የማይነቃነቅ ነገር እንዳለ ያውቃል። ቁጣው እናቱን የሚያንበረክካት ልጅ ደግሞ ይፈራል። ከእሱ ደካማ የሆነ ሰው እንዴት አድርጎ ሊጠብቀው ይችላል?

መልሱን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንጅባራ ላይ ሲያከብር ያየ ሰው ያውቀዋል። አማርኛችንም «ያልተገራ» የሚለውን ቃል ለፈረስም፣ ለአንደበትም፣ ለሰውም ይጠቀምበታል። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ አገኘሁና ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ፈረስ እንዴት ነው የሚገራው?»

«መምህር፣ በጅራፍ ብቻ የገራኸው ፈረስ ጅራፉን እንጂ አንተን አያውቅም። እጅህ ባዶ የሆነ ቀን ገደል ይሰድሃል። ሜዳ ላይ ለቀህ ያሳደግኸው ደግሞ መጀመሪያም ኮርቻ አይቀበልህ።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ልጓሙን ይዘህ አብረኸው ትዞራለሃ! ሲደነብር አትለቀውም፣ አትመታውም። እስኪበርድለት አብረኸው ትዞራለህ። ዛሬ የከለከልኸውን ደግሞ ነገ አትፈቅድለትም። ፈረስ የሚያብደው ስለከለከልኸው አይደለም፤ ስለዋዠቅህ ነው።»

ባውምሪንድ በብዙ ገጽ የጻፈችውን ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። አለመልቀቅ፣ አለመምታት፣ እስኪበርድ አብሮ መዞር!

ወደ ቤት ሲመጣ ነገሩ ይህን ያህል ረቂቅ አይደለም። «አይሆንም»ን አታብዙ፤ በየደቂቃው የሚባል «አይሆንም» ዋጋ የለውም። ካላችሁ ግን ጽኑ። ልጁ ያለቅሳል፤ ያልቅስ! ለቅሶ በሽታ አይደለም። አጠገቡ ተቀመጡ። ስሜቱን በስሙ ጥሩለት፤ «ተናደድህ»፣ «ከፋህ»፣ «ቀናህ»፣ «ሆድ ባሰህ» በሉት። አማርኛ ለሆድ ነገር የቃል ድሃ አይደለም። ስሙን ያወቀው ስሜት ሲመጣበት ልጁ አይደነግጥም። የሰበረውን አብሯችሁ ይጥረግ፤ ሠራተኛዋ አትጥረግለት። እናት የከለከለችውን አባት አይፍቀድ፤ አባት የከለከለውን አያት በጓሮ በር አትስጥ። ልጅ ሲኒ ሲሰብር ደግሞ «ወንድ ነው!» ብለን አንሳቅ። ዛሬ የሳቅንለት ቁጣ ነገ የማን ቤት ሄዶ የማንን ልጅ እንደሚመታ እናስብ።

መጨረሻ ላይ አንድ የደበቅኋችሁን ነገር ልናገር። የዚያን ቀን የልጁ ለቅሶ በምን እንደቆመ አልነገርኳችሁም። የእናትየው ዕንባ፣ የአባትየው የተነሳ እጅ፣ የልጁ ጩኸት … እኔ በምክር የታወቅሁት እንግዳ፣ አልቻልኩም። ሳላስበው እጄ ኪሴ ገባ። ስልኬን አወጣሁ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነበር።

«እንካ» አልኩት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም አመሰገነኝ። አያትየውም «ተባረክ!» አሉኝ። እኔም ቡናዬን ፉት አልኩ፤ ቀዝቅዞ ነበር። ልጁ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ፣ ጉንጩ ላይ ያልደረቀ ዕንባ፣ ትንሽ ትንሽ ሳግ ይተናነቀው ነበር። ሳጉ ውስጡ ቀርቷል። ማንም አልጠየቀውም።

ያን ምርቃት ዛሬም አልተቀበልኩትም። ሌላ ጊዜ እዚያ ቤት ከሄድኩ ስልኬን አላወጣም፤ ቄጠማው ላይ ወርጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። «አታልቅስብኝ» አልለውም። «አልቅስ፣ እኔ እዚህ ነኝ» እለዋለሁ። እስኪበርድለት ድረስ አብሬው እዞራለሁ።